የዘጠኝ ሰዓቱ ካሴት

መምህር ዓለምሰገድን ሰኞ ጠዋት ከቡና መፈልፈያው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ ከሚወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ ሞቶ ያገኙት ዘበኛው ጋሽ ባየ ናቸው። ኢንስፔክተር ማናልሞሽ ከሚዛን ተፈሪ ተጠርታ ሸዋ ቤንች ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሬሳውን ቆማ አየችው። ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች ዓመት አልሞላትም፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ያያል፣ እጇ ይጽፋል፣ ልቧ ግን የሌላ ሰው ሆኗል።

«ወድቆ ይመስላል፤ የሞተውም ትናንት ከቀትር እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ አጥብቤ መናገር አልችልም» አለ የጤና መኮንኑ።

ከላይኛው ደረጃ ላይ ሁለት የሸሚዝ ቁልፎች አነሳች። ክራቸው እንደተንጠለጠለ ነው።

«የሚወድቅ ሰው የገዛ ደረቱን ጨምድዶ አይዝም» አለች።

ግንቦት ስለሆነ መፈልፈያው ሥራ ፈትቷል። መጋዘኑን የተከራዩት ሦስት ወጣቶች ነበሩ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ታሪካቸውን ሲናገሩ በፊልም ይቀርጻሉ። ዓለምሰገድ ድምፅ ይቀዳል፣ ይትባረክ ካሜራ ይይዛል፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ሀጂራ ሽማግሌዎቹን ታነጋግራለች።

መጋዘኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ የፊልም ካሜራ፣ የድምፅ መቅጃና የሟቹ ደብተር ተቀምጠዋል። ደብተሩ ላይ «ያገለገለ ካሜራ ስንገዛ የምንጠይቀው» የሚል ርእስ አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ይጮኻል? ከጮኸ ከሚናገረው ሰው ጋር አብሮ ይቀዳል። ሞተሩ ፍጥነቱን ይጠብቃል? ካልጠበቀ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ዋጋው የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው።»

ቁም ሳጥኑ ውስጥ «ሐጂ ናስር» ተብሎ የተጻፈበት የፊልም ቆርቆሮ አገኘች። የፖስታ ቤቱ ማኅተም የየካቲት ነው።

መቅጃው ውስጥ ያለውን ካሴት አጫወተችው። የሟቹ ድምፅ ተሰማ። «እሑድ። ዘጠኝ ሰዓት። የካሜራ ሙከራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ከቁጥሩ ጀርባ አንድ ነገር ይንቀጫቀጫል። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተቋረጠ፤ ሰውየው ግን መቁጠሩን ቀጠለ።

መጀመሪያ ይትባረክን አነጋገረችው። ቀጭን ነው፤ ዓይኑ ደክሟል።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ጠዋት ከሱ ጋር እዚህ ነበርን። ሰባት ሰዓት ላይ ትንሹን ካሜራ ይዤ ሚዛን ወረድኩ። ስምንት ሰዓት መናኸሪያ ላይ ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ አስረከብኩት፤ ደረሰኙ ይኸው። እስኪመሽ ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ።»

«ለምን ይላካል?»

«ሻጩ በለውጥ እወስደዋለሁ ብሎ ነው። ትንሹን ርካሽ ስለሆነ እኔ ነበርኩ የመረጥኩት። እንደ ግድግዳ ሰዓት በእጅ ይሞላል፤ አንዴ ቢሞላ ግማሽ ደቂቃም አይሄድ። ዓለምሰገድ በባትሪ የሚሠራውን ትልቁን ፈለገ። አሮጌ ነው፣ ግን ድምፅ የለውም።»

«ትልቁ መቼ መጣ?»

«ባለፈው ረቡዕ።»

ሀጂራ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ስትመልስ ወለሉን ታያለች።

«ዘጠኝ ተኩል ላይ መጥቼ ጠራሁት። ሲጠፋብኝ ተመለስኩ።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ሐጂ ናስር አባቴ ናቸው። ፊልማቸውን አሳየኝ ባልኩት ቁጥር ፊቱን ያዞርብኝ ነበር።»

«ፊልሙ የት ነው?»

«ውጭ አገር ለእጥበት ሄዷል። ይትባረክ ገና አልመጣም ይለኛል።»

«አባትሽስ?»

«መጋቢት ላይ ሞቱ።»

ማናልሞሽ ቀና ብላ አየቻትና ጻፈች።

ጋሽ ባየ እሑድ ጠዋት ከሄዱበት ተዝካር የተመለሱት ስምንት ተኩል ላይ ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ሰሙ?»

«ምንም። ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ትንሹን ካሜራ ሲሠራ ሰምተውት ያውቃሉ?»

«እንዴት አልሰማ እመቤቴ? የልብስ ስፌት መኪና ማለት ነው እኮ።»

በዚያው ቀን ሚዛን ተመልሳ መናኸሪያውን ጠየቀች። የሰኞው አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር ዕቃው አልተጫነም። ጥቅሉን ፈርማ ወሰደችው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ካሴቱ እውነት ከተናገረ ዓለምሰገድ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር» አለች። «ያኔ ይትባረክ ሚዛን ነው፤ እዚህ የነበሩት ጋሽ ባየና ሀጂራ ናቸው። እስቲ እንስማው።»

አጫወተችው። ከዚያ የትልቁን ካሜራ ማስነሻ ተጫነች። ጆሮውን ያላስጠጋ ሰው መሥራቱን አያውቅም። አጠፋችውና ጥቅሉን ፈታች፤ ትንሹን ካሜራ ሞልታ ለቀቀችው። መጋዘኑ በመንቀጫቀጭ ተሞላ። ግማሽ ደቂቃ ሳይደርስ ዝም አለ።

«ካሴቱ ላይ ያለው ይህ ነው» አሉ ጋሽ ባየ ቀስ ብለው።

«ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ ካሜራ ከትናንት ወዲያ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ነበር። እርስዎም በሩ ላይ ሆነው አልሰሙትም። ስለዚህ ካሴቱ የዚህ እሑድ አይደለም፤ ትልቁ ከመምጣቱ በፊት በነበረ ሌላ እሑድ የተቀዳ ነው። አሮጌ ካሴት መቅጃው ውስጥ አስገብቶ የሄደ ሰው አለ። ዓለምሰገድ በዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበር ቢባል የሚጠቀመው ደግሞ ያኔ እዚህ ያልነበረው ብቻ ነው።»

ይትባረክ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ካሜራውን ያያል።

«ሰምቼው ነበር፤ ከማስገባቴ በፊት። ጩኸቱ አልታወቀኝም» አለ።

«ስትቀርጽ ከጆሮህ ሥር የኖረ ድምፅ ነው፤ ለምደኸዋል። ሰባት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ነው የገፋኸው?»

«ደረጃው ላይ ቆመን ነበር። ዛሬ ለሀጂራ እነግራታለሁ አለኝ። ያዝኩት… ከዚያ ለቀቅኩት።»

«ምኑን ነው የሚነግረኝ?» አለች ሀጂራ።

ማናልሞሽ ቆርቆሮውን አወጣች። «የአባትሽ ፊልም የመጣው የካቲት ላይ ነው። በእጅ የሚሞላው ትንሹ ካሜራ ፍጥነቱ አይጸናም፤ ደብተሩ ላይ እንደተጻፈው ከንፈራቸውና ቃላቸው ተለያይቷል።»

«ካሜራውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ይትባረክ። «ሐጂ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን ደክመው ተናግረዋል። ተበላሸ ማለት አቃተኝ። ዛሬ ነገ ስል ሞቱ። ከዚያ ወዲያማ እንዴት ብዬ?»

ሀጂራ ቆርቆሮውን ተቀብላ ማኅተሙን ለረጅም ጊዜ አነበበች። አላለቀሰችም።

«የካቲት ላይ» አለች፣ «አባቴ በየማለዳው ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ያወሩ ነበር። መጥተህ ተበላሽቷል ብትለኝ ኖሮ፣ እንደገና ይናገሩ ነበር። ማውራት ይወዱ እንደነበር ታውቃለህ።»

ማናልሞሽ ካቴናውን አውጥታ የይትባረክን እጆች አሰረች።