የአባባ ዮሴፍ እርሳስ

እኔ ሙት ተናገረ፣ ጥላ ታየ ሲባል ሰምቼ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም፣ እንዲያውም እዚህ ደብረ ማርቆስ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ ግጥም መጻፍ ራሱን አዞረው እንዳትል፣ እመነኝ፣ የሆነውን ብቻ ነው የምነግርህ።

አያቴ አባባ ዮሴፍ አናጺ ነበሩ። በወጣትነታቸው ለሥራ ከጉራጌ አገር መጥተው፣ የአማኑኤል ከተማዋን ልጅ፣ አያቴን እማማን አይተው እዚሁ ቀሩ። እሳቸው ካቶሊክ፣ እሷ ኦርቶዶክስ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ በሃይማኖት ተነካክተው አያውቁም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያደርሷትና እስክትወጣ ጫማዋን ታቅፈው በር ላይ ይቀመጣሉ፣ ኋላማ የጎረቤት ሴቶች ሁሉ «ጋሽ ዮሴፍ፣ የኔንም አደራ» እያሉ ያሸክሟቸው ጀመር። ማታ ማታ ደግሞ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይንበረከካሉ፣ እኛ የልጅ ልጆች ከኋላ ተደርድረን ስንጸልይ ግማሾቻችን እንቅልፍ ይጥለናል፣ የተኛውን ተሸክመው አልጋ ላይ ያስተኙና ጸሎቱን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ጆሯቸው ላይ የማትጠፋ ጠፍጣፋ የአናጺ እርሳስ ነበረቻቸው። ሥራ ሲያስተምሩን ልክ ከተሳሳትን አይናገሩም፣ በእርሳሷ እንጨቱን ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋሉ፣ እንደገና ለካ ማለታቸው ነው።

አረፉና ሙት ዓመታቸው ደረሰ። ለዕድርተኛው የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን እኔ እንድጽፍ ተመረጥኩ፣ ቤተሰቡ ገጣሚ አለን ብሎ መሆኑ ነው። አጎቴ ጋሼ ታደሰ ታዲያ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ስማ፣ ካቶሊክነታቸውን ዝለለው፣ ካህናቱም ይመጣሉ፣ ነገር አታስነሳ» አለኝ። እማማ ደግሞ «እንዳለ ጻፈው፣ ሌላ ሰው አድርገህ እንዳትቀብርብኝ» ብላኛለች። እኔ አጎቴን ሰማሁ፣ ፈራሁ፣ አልዋሽህም።

ዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ እማማ ለነገው ምስር ትለቅማለች፣ እኔ የጻፍኩትን አነብላታለሁ። «በዝምተኛነታቸው የታወቁት አባታችን…» ከማለቴ፣ ከጓሮ፣ ከሞቱ ጀምሮ ተቆልፎ ከኖረው የሥራ ክፍላቸው፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ጣሪያው ያፈሳል መሰለኝ» አልኩ።

«እሱን ነው ዝምተኛ የምትለው?» አለች እማማ እየሳቀች። «መኪና ላይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ደምበጫ ሳይደርስ ጆሮው ይደክም ነበር እኮ!»

ሰረዝኩት። ደግሜ ሳነብ ጸጥ አለ። የሦስት ልጆች አባት ስል ጸጥ፣ ሚስታቸውን አክባሪ ስል ጸጥ። «ከእጃቸው የወጣ በር ተንጋዶ አያውቅም» ስል ግን ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ አሁን ደግሞ ከግድግዳው። ሁለታችንም ዞረን የጓዳውን በር አየነው፣ አባባ ከሠሩት ጀምሮ አንድም ቀን በደንብ ተዘግቶ አያውቅም። ሳቅን፣ የእኔ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀብኝ።

«በእምነታቸው የጸኑ ክርስቲያን ነበሩ» ብዬ ፈጠን ፈጠን አድርጌ ለማለፍ ሞከርኩ። እመነኝ፣ የተመታው ክርኔን ያሳረፍኩበት ጠረጴዛ ነው፣ አመታቱ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

«እማማ፣ ሰማሽ?»

«ደንቆሮ ነኝ እንዴ? እንደገና ለካ እያለህ ነው።»

«እርሳሷ የት ናት?»

«ከከፈኑ ጋር በእጄ አስገብቼለታለሁ» አለች፣ ምስሯንም መልቀሟን አልተወችም።

ቁልፍ ፈልጌ የሥራ ክፍሉን ከፈትኩ። አቧራ ብቻ ነው፣ የአይጥ ዱካ እንኳ የለበትም። ተመልሼ «ካቶሊክ ነበሩ፣ እንደ ካቶሊክ ኖረው እንደ ካቶሊክ ሞቱ» ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዝናቡ በቀር ምንም አልተሰማም።

በማግስቱ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ካቶሊክ የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ካህናቱን አየሁ፣ ጋሼ ታደሰ መሬት መሬት ያያል፣ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ ግን «ይሄንንማ ማን ያጣዋል፣ ቀጥል ልጄ!» አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እንደ ውሃ ወረደልኝ፣ የጫማውን ነገር አነሳሁ፣ የመቁጠሪያውን አነሳሁ፣ እያለቀሱ የሚስቁም ነበሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ማንም የማይከራከርበት።

«ዛሬ አባባ ዮሴፍ ከመካከላችን የሉም።»

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ እንጨት ቢኖር እማማ ብቻዋን የተቀመጠችበት አግዳሚ ነው። ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ይሄኛውን ምን ብዬ እንደማርመው ጠፍቶኛል። እማማ ማንንም አላየችም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ አግዳሚው ጠርዝ ጠጋ አለችና፣ ከጎኗ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቀች።