ማሽኑ የቆጠረው ዓመት

እኔ ወሬ ማሳመር አልችልበትም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የምጽፈው። የማይዋጥለት ሰው ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ሆኖ አይቼዋለሁ።

ህዳር 11 ቀን 2014 ዓ.ም.። ቅዳሜ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ካምፓላ፣ ንሳምብያ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ቁልቁል ሲወረድ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት።

ጨለማ አልነበረም። ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ሰው ባለበት፣ በቀን ብርሃን የሆነ ነገር ነው... እስከዛሬ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ስሜ ያለምወርቅ ነው። ሙየንጋ የሚባል ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ምግብ አብሳለሁ። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ትንሿ ሔሊና ናት፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ።

ትልቁ ወንድይፍራው ነው።

ወንድይፍራው የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ፣ መጋቢት ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለእህቱ ሮሌክስ ሊገዛ ወጣ። ሮሌክስ እዚህ አገር ሰዓት አይደለም። በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል ነው፣ መንገድ ዳር ይጠበሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

"እማዬ፣ ደርሼ መጣሁ" አለኝ።

አልመጣም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሆስፒታል ሄድኩ። ሬሳ ክፍል ገብቼ የሰው ልጅ ፊት ገልጬ አየሁ። የለም።

አሠሪዎቼ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ሲሰጡኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው። ቢመለስ እንዳያጣን። ቤቱ ያው ነው። በሩም ያው ነው። እኔ ብቻ ከመቀርቀሪያው በላይ ሁለት ቁልፍ ጨመርኩበት።

ኮምፒውተሩም የእሱ ነው። ዕቃውን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ በእጁ ነው የገጣጠመው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ሔሊና በሱ ጨዋታ ትጫወታለች። የክፍል ጓደኞቿን የምታገኘው እዚያ ጨዋታ ውስጥ ብቻ ነው። እኔም አልከለከልኳትም። ቤት ውስጥ ከሆነች አትጠፋም።

የዚያን ቅዳሜ ግን ጨዋታው አልከፈት አለ።

ሌሊቱን መብራት ሲሄድ ሲመጣ አድሮ ነበር። ሔሊና ስትጫነው ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ሴኪውር ቡት ጠፍቷል፣ ጨዋታው አይነሳም ይላል።

"ረመዳን ጋ ልውሰደው" አለች።

"በምን?"

"በቦዳ ነዋ።"

"በሞተር? በዚህ ሳምንት?" በዚያ ሳምንት መሀል ከተማ ፈንጂ ፈንድቶ ነበር። "እኔ ሳልሞት?"

"ማሚ፣ አንቺ እኮ ዝናብ ሲዘንብም ጎርፍ ወሰደን ነው የምትዪው።"

"ቢወስደንስ?"

ረመዳን ካባላጋላ ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን የእኛው አገር ልጅ ነው። በስልክ ነገርነው። በአንድ ቦዳ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ ላከልን። ሔሊና ማሽኑን ከፍታ፣ አሮጌዋን ባትሪ በጥፍሯ ፈንቅላ አወጣችና አዲሷን አስገባች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

"ማዘር፣ አይጨነቁ" አለ ረመዳን። "ባትሪዋ ስትሞት ማሽኑ የነገሩትን ሁሉ ረስቶ ነው። ሴኪውር ቡት ማለት የግቢ ዘበኛ ይበሉት፣ እዚህ አስካሪ የሚሉት። ማሽኑ ሲነሳ በር ላይ ቆሞ የሚያውቀውን ብቻ ያስገባል። ጨዋታው ደግሞ ዘበኛ የሌለው ግቢ አልገባም ነው የሚለው።"

"ልክ ነዋ" አልኩት። "እኔስ እገባለሁ?"

ሳቀ።

ሔሊና ማሽኑን አስነስታ ዲሊት የምትለዋን ቁልፍ ደጋግማ መታች። ሰማያዊ ገጽ መጣ። እሱ እያዘዘ እሷ እየፈለገች ሴኪውር ቡት ያለበትን አገኘችና አበራችው።

ይሄኔ ዝናቡ ወረደ። ልብስ ታጥቦ ውጭ ተሰጥቷል። ሔሊና ሮጠች።

"ማዘር፣ እርስዎ ይጨርሱት" አለ ረመዳን። "ቀንና ሰዓቱን ያስተካክሉና ኤፍ አሥርን ይጫኑ። አለቀ። ደንበኛ መጣብኝ፣ መልሼ እደውላለሁ።"

ዘጋው።

መነጽሬን አደረግሁ። መጀመሪያ ወር ይላል። ህዳር ሦስተኛ ወር ነው፣ ሦስት አስገባሁ። ቀን፣ አሥራ አንድ። ዓመት፣ 2014። ሰዓት፣ ዘጠኝ። ኤፍ አሥርን ተጫንኩ።

ደስ አለኝ። የልጄን ሥራ የሠራሁላት መሰለኝ...

ሔሊና እርጥብ ልብሱን ወንበር ላይ ጥላ ተቀመጠች። ማሽኑ ተነሳ። ጨዋታውን ተጫነችው።

አልተከፈተም።

አሁን ቀይ ጽሑፉ ሌላ ነበር። ተርጉሚልኝ አልኳት።

"የደህንነት ስህተት። ፊርማው... ገና ጊዜው አልደረሰም ይላል።"

"ምን ማለት ነው?"

"እኔንጃ።"

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ድምፅ እንዳለው ልትሞክር።

ከዚያ እጇ ቆመ።

"ማሚ..."

"እ?"

"ሰው አለ።"

"የት?"

"ጆሮዬ ውስጥ።"

"ጓደኞችሽ ናቸዋ።"

ራሷን ነቀነቀች። በጣቷ ወደ ግድግዳው አሳየችኝ። ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ሞደም ተነቅሏል። ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ እኔው ነበርኩ የነቀልኩት።

ማዳመጫውን ተቀብዬ አደረግሁት።

መንገድ ነው የሚሰማው። ሰው ያወራል። ቦዳ ያልፋል። የጋለ መጥበሻ ላይ እንቁላል ሲፈስ ሽሽሽ ይላል።

የእኛ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ማዳመጫው ውስጥ ግን ዝናብ የለም... ወፍ ይንጫጫል። የጠዋት ወፍ።

ከዚያ አንድ ወጣት፣

"ሁለት አድርገው። አንዱ ሽንኩርት እንዳይኖረው" አለ በእንግሊዝኛ። ቀጥሎ በሉጋንዳ፣ "ወይባሌ ሴቦ" ብሎ አመሰገነ።

ሔሊና ሽንኩርት አትበላም። ከልጅነቷ ጀምሮ።

ጠረጴዛውን ያዝኩ።

"ማሚ፣ እሱ ነው አይደል?" አለች ጆሮዋን ማዳመጫው ላይ ለጥፋ፣ በሹክሹክታ።

እናት የልጇን ድምፅ አትስትም።

እየተራመደ ነበር። ጫማው ጠጠር ላይ ሲያርፍ ይሰማል። የሚያኝክ አፍ ይሰማል። እንዲህ ነበር የሚያደርገው። የእህቱን ሮሌክስ መንገድ ላይ ሳይገምጥ ገብቶ አያውቅም፣ በየቀኑ በሱ ነበር የሚጣሉት።

ስልኩ ጮኸ። ሁለታችንም ዘለልን።

"ማዘር፣ ተከፈተ?"

"አልተከፈተም።"

"ቀኑን ስንት ብለው አስገቡ?"

"የዛሬን። ህዳር አሥራ አንድ፣ ሁለት ሺ አሥራ አራት።"

"በእኛ?"

"በማን ላድርገው?"

"ኧረ ማዘር!" ሳቁ ፈነዳ። "ማሽኑ እኮ ሀበሻ አይደለም! ሰዓቱንም በእኛ ነው ያስገቡት? በቃ፣ ለሱ አሁን ማርች አሥራ አንድ ነው፣ የፈረንጅ 2014፣ ጠዋት። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወሰዱት! ቀኑ ከተሳሳተ ዘበኛው የድሮውንና የአሁኑን በምን ይለያል? መልሰው ያስተካክሉት፣ ይከፈታል።"

የፈረንጅ ማርች አሥራ አንድ የእኛ መጋቢት ሁለት ነው። የፈረንጅ 2014 ደግሞ የእኛ 2006።

ልጄ የወጣበት ጠዋት።

ስልኩን ሳልዘጋው ተውኩት።

"ሔሊ..."

ማዳመጫው አንገቴ ላይ ወርዶ ነበር። ያም ሆኖ የልጄ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ።

"ሔሊ፣ ክፈቺ። እጄ ሞልቷል።"

ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

ማዳመጫው ውስጥ አይደለም። በራችን።

ሔሊና ተነሳች። እጇን ያዝኳት።

"ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ።"

"ማን ነህ?"

"እኔ ነኝ እኮ!" ሳቅ አለበት። "ሔሊ፣ እማዬ ተኝታ ከሆነ አትቀስቅሻት። ወንበር ስበሽ ላዩ ላይ ውጪና መቀርቀሪያውን ክፈቺ።"

ያኔ ሔሊና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መቀርቀሪያው አይደርስላትም ነበርና በወንበር ነበር የምትከፍተው። ይህን ከእኛ ከሦስታችን በቀር ማንም አያውቅም።

ሔሊና አለቀሰች። "ወንዴ ነው! ማሚ፣ ልክፈትለት!"

በመስኮቱ አየሁ። ከበሩ ፊት ያለው ሲሚንቶ ይታያል። ዝናቡ እየመታው ውሃ ይፈስበታል።

ሰው የለም።

ግን አንድ ቦታ ላይ፣ በሩ ሥር፣ ሁለት እግር የምታህል ቦታ... ደረቅ ነበረች። ፀሐይም ያረፈባት ትመስል ነበር።

ምን ላድርግ? ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ማንኳኳት ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ከፍቼ ባገኘውስ? ከፍቼ፣ ሔሊና ወጥታ፣ እዚያኛው ጠዋት ውስጥ ብትቀርብኝስ? አንዱን መንገድ በልቶብኛል። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።

"ማሚ፣ ልቀቂኝ!"

አለቀቅኳትም። በአንድ እጄ እሷን እንደያዝኩ በሌላው ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት። ዲሊት። ሰማያዊው ገጽ መጣ።

በሩ እየተንኳኳ ነው።

"ዛሬ በፈረንጅ ስንት ነው?" ብዬ ስልኩ ላይ ጮህኩ።

"ኖቬምበር ሃያ፣ 2021። ማዘር፣ ምነው? ማነው የሚያንኳኳው? ሰው መጣብዎት?"

አሥራ አንድ። ሃያ። ጣቴ ይሳሳታል፣ አጥፍቼ እጽፋለሁ። ዓመቱ ላይ ስደርስ ማንኳኳቱ ቆመ።

"እማዬ" አለ በቀስታ፣ ልክ እንጨቱ ላይ አፉን አስጠግቶ። "ለምን ትቆልፊብኛለሽ?"

2021 አስገባሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ኤፍ አሥርን ተጫንኩ።

ስክሪኑ ጠቆረ።

የሆነው እዚያ ላይ ቢያልቅ ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ግን ማሽኑ ጠፍቶ፣ ስክሪኑ ጠቁሮ፣ ማዳመጫው አንገቴ ላይ አንዴ ተናገረ። ድምፁ ከበሩ ራቅ ብሏል። ለሌላ ሰው የሚመልስ ነበር የሚመስለው።

"አቤት? እኔን ነው?... እሺ።" ከዚያ ወደ ቤቱ ዞሮ፣ "እማዬ፣ ሰው እየጠራኝ ነው። ደርሼ መጣሁ።"

እግሩ ጠጠሩ ላይ እየራቀ ሄደ። የመኪና በር ሲከፈት ሰማሁ።

ሲዘጋም ሰማሁ።

ጮህኩ። ማዳመጫውን ወርውሬ ወደ በሩ ሮጥኩ። ሁለቱን ቁልፍ እንዴት እንደከፈትኩ አላውቅም። መቀርቀሪያውን ስቤ ወጣሁ። መንገዱ ድረስ በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

ዝናብ ብቻ።

ያቺ ደረቅ ቦታም ረጥባለች።

ስመለስ ማሽኑ ተነስቶ ነበር። ጨዋታው ያለ ምንም ስህተት ተከፍቷል። ሙዚቃው ይጫወታል። ሔሊና ግን ስክሪኑን አላየችም። ክፍሉ መሀል ቆማ ከኋላዬ ወዳለው በር ታያለች።

"ማሚ" አለች። "እሱን አንቺ ነሽ ያስገባሽው?"

ዞርኩ።

በሩ ከውስጥ በኩል፣ መቀርቀሪያው ጫፍ ላይ፣ ጥቁር ካቬራ ተንጠልጥሏል። መንገድ ዳር ነጋዴዎች ዕቃ የሚሰጡበት ስስ ላስቲክ። መቀርቀሪያውን ስስበው ላዩ ላይም እጄ ላይም ምንም አልነበረም። በእናንተ ፊት እምላለሁ፣ ምንም።

ካቬራው ከውስጥ በእንፋሎት ተሸፍኗል።

አውርጄ ከፈትኩት። ሁለት ሮሌክስ። አንዱ ሙሉ ነው።

ሌላው ሽንኩርት የለውም። ጫፉ ተገምጧል... የጥርሱ ምልክት ላይ እንቁላሉ ገና ይጨሳል።