የማያወራው ሱሪ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ጂን ታየ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ስሜን ጠራኝ ሲባል «አድራሻውን ስጡኝና ጠግኜው ልምጣ» እያልኩ የማሾፍ፣ ሚስቴ ደግሞ «አንድ ቀን አፍህ ያመጣብሃል» እያለች የምትቆጣኝ። ሥራዬ የውኃ ፓምፕ መጠገን ነው፣ ከአሶሳ እስከ ባምባሲ፣ አንዳንዴም እስከ ሸርቆሌ ድረስ በሞተር እየዞርኩ የጉድጓድ ፓምፕ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፣ ፓምፕ ደግሞ በሽታውን የሚናገረው በድምፁ ነው፣ ኩሽኔታው ሲበላ የራሱ ድምፅ አለው፣ አየር ሲገባበትም የራሱ፣ ስለዚህ ጆሮዬ እንጀራዬ ነው ብል አልዋሸሁም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለጉራ ሳይሆን፣ በኋላ «ተሳስተህ ሰምተህ ይሆናል» እንዳትሉኝ ነው። በዚያ ጠዋት የሰው ነፍስ በእኔ ጣት ላይ ነበረች፣ ያተረፋት ደግሞ አንድ ድምፅ ነው፣ ያ ድምፅ የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐሚድን የተዋወቅሁት በፓምፕ ነው። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር የሚኖር የበርታ ገበሬ ነው፣ የመንደሩን ጉድጓድ ከጠገንኩ በኋላ ወዳጆች ሆንን፣ ዲግሪ የለኝም ብዬ ብምልለትም «ኢንጂነር» ከማለት አልተመለሰም። ዘንድሮ ማሽላው አምሮለት ነበር፣ ነገር ግን ከርከሮ ገባበት፣ ጎህ ሊቀድ ሲል ከወንዙ ዳር ይወጣና የበላውን በልቶ የቀረውን ረግጦ ይመለሳል፣ ሐሚድ ሲደውልልኝ ከማሳው ሲሶው ጠፍቷል። ቤቱ ውስጥ ሰባት አፍ አለ፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት።

«ኢንጂነር፣ ቀበሌ ፈቅዷል፣ ከርከሮ ግደሉ ብሏል» አለኝ በስልክ፣ «የአባትህ ጠመንጃ ፈቃድ አለው አይደል? ና። እንዲህ ከቀጠለ ልጆች ምን ይበላል?»

እንዴት እምቢ ይባላል? ሄድኩ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ የአሶሳ ሰው በታኅሣሥ ጠዋት በረደኝ ብሎ ሲኮማተር ሳይ እስቅ ነበር፣ ስለዚህ ያንን ስስ ጂንሴን ለብሼ ነው የሄድኩት። እመኑኝ፣ ያየሁትን ጉድ ለጠላቴም አልመኝለት። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ጤዛው እስከ ወገቤ አራሰኝ፣ ከዚያ እንደዚያው እንደራስኩ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ነው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቴ ከጉልበቴ ይጋጭ፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ከርከሮው ከወንዙ ወጥቶ አፍንጫውን ብቅ ሲያደርግ አይቼዋለሁ፣ ግን ጠመንጃው በእጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ እንዴት ልተኩስ? ሰማንና ዞሮ ጠፋ። ሐሚድ ጨዋ ሰው ስለሆነ አልተቆጣኝም፣ «ኢንጂነር፣ ጉልበትህ ብዙ ያወራል» ብቻ አለኝ፣ ቀጥሎም «ወፍራም ሱሪ ግዛ፣ ግን የማያወራ ግዛ» ብሎ መከረኝ።

ቅዳሜ አሶሳ ገበያ ወደ ጫልቱ ሄድኩ። ጫልቱ ከወለጋ መጥታ ሳልባጅ የምትነግድ፣ ምላሷ የሰላ፣ በዕቃዋ ግን የማትዋሽ ሴት ናት፣ ጥጥ የተሞላ ወፍራም ሱሪ ስላት ከቦንዳው ውስጥ ሦስት አወጣችልኝ። አንዱ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውኃ የማያስገባ፣ ሲያዩት ብርድ ልብስ ያህላል፣ ሲያነሱት ላባ ነው። እግሩን ከእግሩ አጋጭቼ ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋው ግን ክሽ፣ ክሽ ይላል። ሁለተኛው አረንጓዴ፣ በጥጥ የታጨቀ፣ ድምፅ የለውም፣ ግን ጥጥ ጤዛ ጠጥቶ ሲከብድ ይታወቀኛል፣ ያንን ለብሶ መቀመጥ ከወንዝ ገብቶ ከመቀመጥ አይሻልም። ሦስተኛው ቡናማ ነው፣ ውጪው ሱፍ የሚመስል፣ ውስጡ ጠጉራም፣ ወገቡ ከፍ ያለ፣ ቁጢጥ ሲሉ ጀርባ የማያጋልጥ። እሱንም አጋጨሁት፣ አዳመጥኩት፣ ዝም አለ።

«ወንድሜ፣ ሱሪ ነው የምትገዛው ወይስ ሬዲዮ?» አለችኝ ጫልቱ፣ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ።

«ሰማያዊው ወሬኛ ነው እህቴ፣ ቡናማውን ስጪኝ» አልኳት። እዚያው በሱሪዬ ላይ ደርቤ ለብሼ፣ በገበያው መሀል ቁጢጥ ብዬ፣ ተነስቼ፣ እንደገና ቁጢጥ ብዬ ሞከርኩት። ሰው ይሳቅ ብዬ ነው፣ የሚበርደው እኔን።

በዚያው ማታ ሐሚድ ቤት አደርኩና ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ሐሚድ ነጭ ጀላቢያውን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ፣ በላዩ ጥቁር ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ነው፣ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ። ይሄ ልብስ ቢሄዱበት፣ ቢሮጡበትም ድምፅ እንደሌለው ልብ በሉልኝ። እኔን ከማሳው ራስጌ ኩይሳ ሥር አስቀመጠኝ፣ እሱ ከግርጌው ከወንዙ በኩል ካለው ዛፍ ሥር ሊቀመጥ ሆነ። ከመለያየታችን በፊት ሕጉን ደገመልኝ፣ እነሱ ዘንድ ይሄ ሕግ አይጣስም። የተቀመጠ ሰው ከቦታው አይነሳም፣ መነሳት ከፈለገ ሁለት ጊዜ ያፏጫል፣ ሌላው መልሶ እስኪያፏጭለት ይጠብቃል። «በጨለማ ሁለት ሰው ከተነሳ፣ አንዱ ከርከሮ ይሆናል» አለኝና ሄደ።

እንዴት እንደሞቀኝ! ጤዛው ከላይ ቀርቷል፣ ጉልበቴ እንደ ሰው ጉልበት ተቀምጧል፣ በልቤ ጫልቱን እየመረቅሁ ነበር። ጉሙ ከወንዙ እየተነሳ ማሳውን ሸፍኖታል፣ የማሽላው ራስ ብቻ በላዩ ይታያል።

መጀመሪያ ከግራዬ በኩል ሰማሁት። ክሽ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ክሽ፣ ክሽ፣ ክሽ።

መጀመሪያ ያደረግሁት የራሴን ሱሪ መንካት ነው፣ ጭኔን ከጭኔ አሻሸሁት፣ ምንም ድምፅ የለም። ድምፁ ግን ቀጠለ፣ የእርምጃ ምት አለው፣ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ፣ በአራት እግር የሚሄድ ነገር እንዲህ አይረግጥም፣ የሚያብረቀርቅ ሱሪ የለበሰ ሰው ነው የሚሄደው። የበገንኩት ያኔ ነው። ሐሚድ ያንን ሰማያዊ ሱሪ ገዝቶ ይሆን? ወይስ ማሽላ ሌባ ነው? እኔን የማያወራ ግዛ ብሎ እሱ ወሬኛውን ለብሶ ይዞርብኛል? እያልኩ ጥርሴን ነከስኩ። ድምፁ ከፊቴ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት አለፈ። ዓይኔን አፍጥጬ ማሽላውን አየሁ፣ ሰው እየሄደበት አንድ አገዳ እንኳ አልተነቃነቀም። ድምፁ አልፎ ወደ ግርጌ፣ ወደ ሐሚድ ወረደና ጠፋ።

ማፏጨት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ከርከሮው ይሸሻል ብዬ ተውኩት፣ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼም ነበር፣ ባፏጭ ማን እንደሚመልስልኝ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ሰማዩ ትንሽ ገርጣ ማለት ሲጀምር ከግርጌ በኩል አገዳ ተሰበረ። አሁን ማሽላው በደንብ ይነቃነቃል፣ በጉሙ ውስጥ ጎብጦ፣ ጠቁሮ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ የሚመጣ ጀርባ አየሁ። ከርከሮው ነው አልኩ። ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፣ እጄ እንደ ድንጋይ ጸንቷል፣ ሙቀት ደጉ፣ የጥቁሩን ጀርባ መሀል አነጣጥሬ ጣቴን ቃታው ላይ አሳረፍኩ። ሳብ ላደርገው ስል፣ ክሽ፣ ክሽ። በእኔና በጥቁሩ ነገር መሀል፣ ከፊቱ ቀደም ብሎ፣ እየመራው የሚመጣ ይመስላል። ከርከሮ ሱሪ አይለብስም አልኩ ለራሴ፣ ይህን ቃል በቃል ነው ያልኩት፣ ጣቴንም ከቃታው አነሳሁ።

«ማነው!» ብዬ ጮህኩ።

ድምፁ ቀጥ አለ። ጥቁሩ ጀርባ ተነስቶ ቆመ፣ ብርድ ልብሱ ወደቀ፣ ነጩ ጀላቢያ ታየ። ሐሚድ ነው።

ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣሁ። ሮጬ ሄጄ ደረቱን ይዤ ነቀነቅሁት። «ለምን ተነሳህ? ለምን አላፏጨህም? ልገድልህ ነበር እኮ! ልጆችህን ምን ብዬ ልነግራቸው ነበር?» አልቅሼም ነበር መሰለኝ። እሱ ግን መጀመሪያ ፊቴን አየ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ሱሪዬን አየ፣ ብዙ አየው፣ ከዚያ «ኻላስ። አደን ኻላስ»፣ አበቃ ማለቱ ነው፣ ብሎ ብርድ ልብሱን አንስቶ ቀድሞኝ ወደ ቤቱ ሄደ።

እንዴት አልጠርጥር? ሕጉን የነገረኝ እሱ፣ የጣሰው እሱ፣ ያኮረፈው እሱ። አሶሳ እንደገባሁ ቤቴ እንኳ ሳልደርስ ጫልቱ ጋ ሄድኩና ሰማያዊውን ሱሪ ማን እንደገዛው ጠየቅኋት። በአገጯ ወደ ላይ አመለከተችኝ፣ ሱሪው እንደተሰቀለ ነው፣ ደረቅ፣ የገበያ አቧራ የጠጣ።

«ኤዬ፣ ማን ይገዛዋል? አንተ በሰው ፊት ወሬኛ ብለህ ሰድበኸው» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐሚድ ስልኬን አላነሳም። በመጨረሻ ፓምፑን ልይ ብዬ ሄድኩና ጉድጓዱ ጋ ያዝኩት፣ ሚስቱ ወልዳለች፣ እንኳን ማርያም ማረቻት ልበል ወይስ ምን ልበል ሲጨንቀኝ እሱ ቀደመኝ።

«ኢንጂነር፣ ለምን ጠራኸኝ?»

«መቼ?»

«ያን ቀን። ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ፣ አንተ መጣህ። በእጅህ ና አልከኝ፣ እንዲህ» አለና መዳፉን ወደ ታች አድርጎ አሳየኝ። «ከርከሮ አይቷል አልኩ። ተነሳሁ። አንተ በፊት፣ እኔ በኋላ። ማሽላ ጋ ስንደርስ ጎንበስ አልክ፣ እኔም ጎንበስ አልኩ። ሱሪህ ያወራ ነበር፣ በልቤ ተናደድኩ፣ የማያወራ ግዛ ብዬው አልኩ። ከዚያ ከላይ ማነው ብለህ ጮኽክ። ቀና ስል ከፊቴ የለህም፣ ጠመንጃ ይዘህ እዚያ ላይ ነህ።»

«ሐሚድ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ ከኩይሳው ሥር አልተነሳሁም።»

«ወላሂ አየሁህ።»

«ፊቴን አየኸው?»

«ፊት አላዞረም» አለኝ።

ያን ሁለት ሳምንት ሙሉ ለዚያ ድምፅ ሳመሰግን ነው የከረምኩት፣ እውነቴን ነው፣ መልአክ ነው እስከማለት ደርሼ ነበር፣ ሐሚድን ከጥይቴ ያተረፈው እሱ ነዋ። ለካ ወደ ጥይቴ ያመጣውም እሱ ነው። ሐሚድ አላመነኝም፣ ይታወቀኛል፣ እኔም እሱን ሙሉ ለሙሉ አላመንኩትም፣ ግን ሁለታችንም ብንዋሽ ኖሮ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ቡናማውን ሱሪ ለማንም አልሰጠሁትም፣ ለሰው መስጠቱን ፈራሁ፣ ጠመንጃውንም ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ አስረክቤያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ገና ሳይነጋ ሐሚድ ደወለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። «ኢንጂነር፣ ማሳ ጋ ነህ እንዴ? ሱሪህን እየሰማሁ ነው።»

አሶሳ፣ አልጋዬ ላይ ነበርኩ፣ ሚስቴ ከጎኔ ተኝታለች። «ሐሚድ፣ ቤቴ ነኝ። ና ቢልህ አትከተል። ሰማኸኝ? አትከተል፣ ግባና በርህን ዝጋ!» ብዬ ስጮህ ሚስቴ ነቃች። «እሺ» አለ፣ በሩ ሲዘጋ በስልኩ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ እደውልለታለሁ፣ «ቤት ነህ?» እለዋለሁ፣ «ቤት ነኝ» ይለኛል፣ ሌላ ወሬ የለንም።

ዛሬ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስደውል ነው ያረፈድኩት፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ሚስቴ ኔትወርክ ነው ትላለች፣ እኔም ኔትወርክ ነው እያልኩ የሞተሬን ቁልፍ ይዤ ደጅ ቆሜያለሁ።