ሞተሩ የማይጠፋው ቫን

ሾፌሩ ሞቶ የተገኘው ጋራዡ በር ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ በቆመ አሮጌ የዕቃ ቫን ውስጥ ነበር። የመስኮቱ ክፍተት በሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። ሰፈሩ ወዲያው «ራሱን አጠፋ» አለ፤ የሰው አፍ መቼ ይደክማል!

«ጋሼ፣ ልጆቼ ‹አባታችን ጥሎን ሄደ› እያሉ አይደጉብኝ» አለች ሚስቱ፣ የመርማሪውን እጅ ይዛ።

መርማሪው፣ «መርፌው» የሚሉት ቀጭን ሽማግሌ፣ ቫኑ ውስጥ ብዙ ቆየ። የሟቹ ጫማ ወልቆ ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። የስልኩ ደወል ለዘጠኝ ሰዓት ተሞልቷል። ጨርቁን ነቅሎ ጠርዙን አየና ኪሱ ከተተው።

«ሞተሩን ለምን አላጠፋውም?» አለው የጋራዡን መካኒክ።

«እንዴት ያጥፋው ጋሼ? ማስነሻው ካለቀ ዓመት አለፈው። አንዴ ከጠፋ አራት ሰው ካልገፋው ወይ ፍንክች! ሾፌሮቹ ምሳ ሲበሉም አያጠፉትም።»

«መስኮቱስ?»

«መስታወቱ ከወረደ ቆየ፤ አልወጣም ብሏል።»

በማግስቱ የሟቹን ሚስት፣ መካኒኩንና አለቃውን፣ የቫኑን ባለቤት፣ ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሊሞት ያሰበ ሰው ደወል አይሞላም» አለ። «ለዘጠኝ ሰዓቱ ጭነት እስኪነሳ ጋደም ብሎ ነበር። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሥር ተበስቷል፤ ጭሱ በወለሉ ቀዳዳ ገብቶ በተኛበት ጨረሰው።» ጥግ ላይ ለሽያጭ ታጥቦ ወደቆመው ሌላ ቫን ዞረ። «እዚያኛው ላይ አዲስ ቱቦ አይቻለሁ። ለየትኛው ነበር የተገዛው?»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። «ለዚህኛው። አለቃዬ ‹መጀመሪያ የሚሸጠውን አሳምር› አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ።»

«በሳምንቱ ልናስቀይረው ነበር እኮ!» ባለቤቱ ጮኸ።

ሚስቲቱ ፊቷን ሸፍና «ተመስገን፣ አልጣለንም» አለች።

«ያ ጨርቅ ባይኖር እኮ ንፋሱ ያተርፈው ነበር» አለ መካኒኩ፣ ሳያስብ።

መርፌው በዓይኑ ገሠጸው፤ ቃሉ ግን አምልጧል።

«የቱ ጨርቅ? ያሳዩኝ ጋሼ።»

«ይቅርብሽ ልጄ።»

«ያሳዩኝ!»

አውጥቶ ሰጣት። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ሳሉ አልለቀው ሲል እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ብርድ እንዳይመታው ብዬ... ጋሼ፣ አሁን ለልጆቼ ምን ልበላቸው?»