የጉዞ ቀን፦ ዜሮ

«‹ተስማምቻለሁ› በይና ጨርሺው» አለ አለምሰገድ፣ በላብ የተጣበቀ ሸሚዙን ከጀርባው እያላቀቀ። «ከአክብሮት ሰላምታ ጋር የሚለውንም እንዳትረሺ።»

ጽጌሬዳ ጻፈችው። አባቷ አንዲት «ሀ» ፍለጋ ኪቦርዱን ሙሉ የሚዞር ሰው ስለሆነ የእሱን ደብዳቤ የምትጽፈው ሁልጊዜ እሷ ናት። ዛሬ ደግሞ አርብ ነው፣ ጅቡቲ ትምህርት የለም። አዲስ አበባ ያለው ኩባንያው የላከው ደብዳቤ ላፕቶፑ ላይ ተከፍቷል። መኪኖቹ ላይ ካሜራ ከተገጠመ ወዲህ አማካሪዎች ከጭነት ጋር መጓዝ ስለተዉ ክፍያቸውን በግማሽ ለመቀነስ ታስቧል፤ አስተያየት ያለው እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ይላክ ይላል። ከስር የሚሞላ ቅጽ አለ። «በዚህ ወር የተጓዙባቸው ቀናት» ከሚለው ፊት ለፊት ጽጌሬዳ ዜሮ ሞልታለች።

«ግማሽ እኮ ነው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ድሮ በወር አስራ አምስት ቀን አቧራ ስቅም ነበር። አሁን ቬንትሌተር ስር ተቀምጬ ስልክ አነሳለሁ። ያልሠሩበትን መብላት ነውር ነው።»

እውነቱን ለመናገር ጽጌሬዳም የምታስበው ይህንኑ ነበር። አባቷ ትራንስፎርመርን የመሳሰሉ ግዙፍ ጭነቶች ከወደቡ ተነስተው ኢትዮጵያ እስኪገቡ በየት በኩል፣ በምን ሰዓት ማለፍ እንዳለባቸው ያማክራል። ልጅ ሳለች አቧራ ለብሶ ሲመለስ ጀግና ይመስላት ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ሽርጡን አገልድሞ ሳሎን ይውላል። ክፍል ውስጥ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሏት «ስልክ ያነሳል» እያለች ታስቃለች።

ሌላም ምክንያት ነበራት። ክፍያው ከተቀነሰ የካርቲየ 4 ሰፈርን የቤት ኪራይ አይችሉትም፣ ወደ ድሬዳዋ ይመለሳሉ። ድሬዳዋ ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ፀዲ አለች። ትናንት «በቃ መምጣቴ ነው!» ብላ ጽፋላታለች።

«ልላከው?» ብላ ጣቷን ስታነሳ የአባቷ ስልክ ጮኸ። የቪዲዮ ጥሪ ነው። ሽብሩ የሚባለው ሾፌር ግንባሩን እየጠረገ ብቅ አለ። ከኋላው ቤት የሚያህል ትራንስፎርመር የተሸከመው ሎቤድ ተሳቢ ይታያል።

«ጋሼ፣ ዮቦኪን አልፌ ደረቁ ወንዝ ጋ ደርሻለሁ። ካርታው መንገዱ ክፍት ነው ይላል፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል። ከአዲስ አበባ ‹እለፍ› ብለውኛል። ልግባ?»

አለምሰገድ መነጽሩን አደረገ። «ስልኩን እስቲ ወደ ግራሮቹ አዙርልኝ። ፍየል ይታይሃል?»

«ምንም የለም።»

«በዚህ ሙቀት ጥላው ስር ፍየል ይጠፋል? አጠገብህ ማን አለ?»

«አንድ የአፋር ሽማግሌ ዳገቱ ላይ ቆመዋል።»

«ስልኩን ስጣቸው።»

ሽማግሌው ገና ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ከዚያ በአፋርኛ ሰላምታ ተጀመረ። ሰላምታው ብቻ አስር ደቂቃ ፈጀ። አባቷ መጀመሪያ ስለ ወደቡ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ከተማው ሙቀት አወራ። ቀጥሎ ሽማግሌው ረጅም ነገር ተናገሩ፣ እሱም በየመሃሉ «እህ» እያለ አዳመጠ። «መንገዱ ደህና ነው ወይ ብሎ ዝም ብሎ አይጠይቅም? ምን አይነት ፋራ ነው!» አለች ጽጌሬዳ በሆዷ።

ስልኩ ወደ ሽብሩ ሲመለስ የአባቷ ፊት ተለውጦ ነበር። «እንዳትገባ። ወደ ኋላ መልሰህ ከፍታው ላይ አቁም።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ተደወለ። የኩባንያው አስተባባሪ ጩኸት እስከ ጽጌሬዳ ድረስ ይሰማል። «በጠራራ ፀሐይ ጭነት ያስቆማሉ? ክሬን ተከራይተን እየጠበቅን እኮ ነው!»

«ይቆይ» አለ አለምሰገድ። «ካልመጣ ጥፋቱ በእኔ ይሁን።»

«ምኑ ነው የሚመጣው?» አለች ጽጌሬዳ ስልኩ እንደተዘጋ።

«ጎርፍ። ሌሊት ላይኛው ተራራ ላይ ዘንቧል። ጠዋት ከዚያ የመጣ ሰው ለሽማግሌው፣ ለሁመድ፣ ዳጉ ነገራቸውና ፍየሎቻቸውን ወደ ኮረብታ አወጡ።»

ዳጉን ከአፋር የክፍል ጓደኞቿ ታውቀዋለች። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፤ ዳጉ ላይ መዋሸትም ትልቅ ነውር ነው።

«ታዲያ ለምን ወዲያው አልጠየቅካቸውም?»

«የራስሽን ሳትሰጪ የሰው አይጠየቅም። ያውም በስልክ፣ ለማያውቁት ሰው ማን ይነግራል?» ፈገግ አለ። «አንድ ጊዜ መኪና ተሰብሮብን አራት ቀን እዚያ ሰነበትኩ። ያጠጡኝ የግመል ወተት ነው ያቆመኝ። ከዚያ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ ዳጉ ሳልቀመጥ አላልፍም ነበር። አስራ ሰባት ዓመት።»

ስምንት ሰዓት ሆነ። ጎርፍ የለም። ስምንት ተኩል። አስተባባሪው ሁለቴ ደወለ። አባቷ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል። «ባይመጣስ?» አለች ጽጌሬዳ በልቧ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽብሩ ደወለ። ስልኩን ወደ ወንዙ አዞረ። መጀመሪያ ድምፅ ነው የመጣው፣ የጉርምርምታ ድምፅ። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ አንዲት ደመና የለችበትም። ከዚያ ከመታጠፊያው ቡናማ ውሃ ሰው የሚውጥ ከፍታ ይዞ ብቅ አለ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር ከፊቱ እየገፋ። ሽብሩ ሊገባበት የነበረው መንገድ እያየችው ጠፋ። ጽጌሬዳ ሳታውቀው ተነስታ ቆማ ነበር። ክንዷን ብርድ ብርድ አለው፣ በጅቡቲ ሙቀት።

ከካርቲየ 4 ሳሎን፣ በሽርጥ! አባቷን እንደ አዲስ አየችው።

እሱ ግን ስክሪኑን እንኳ በቅጡ አላየም። «መጣ?» አለ። «ተመስገን። ሽብሩ፣ ምሳ በልተሃል?»

«ጋሼ፣ ገብቼ ቢሆን ኖሮ…» አለ ሽብሩ።

አስር ተኩል ሲሆን አለምሰገድ ሰዓቱን አየ። «በይ ያቺን ደብዳቤ ላኪያት፣ ሳይረፍድ።»

ጽጌሬዳ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። «ተስማምቻለሁ» እንደተጻፈ እየጠበቃት ነው። «ስልክ ያነሳል» ብላ ያሳቀቻቸው ልጆች ትዝ አሏትና ፊቷ በሀፍረት ጋለ። የራሷ ስልክ ብልጭ አለ። ፀዲ ናት፦ «መቼ ነው የምትመጪው? ሞትኩልሽ እኮ!» አነበበችውና ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ከዚያ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ፊደል በፊደል አጠፋች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዜሮውን አልነካሁትም፣ ዜሮው እውነት ነው። ከስሩ ግን ለአስተያየት የተተወ ቦታ አለ። የሁመድን ነገር ልጻፍበት?»

«ጉራ ይመስላል፣ ጽጌ።»

«አባዬ፣ ዛሬ ምንም አልሠራህም?»

አለምሰገድ መነጽሩን አውልቆ በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።

«መኪናው የተሰበረባችሁ መቼ ነበር?» አለች፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣ።

«ሁለት ሺህ አንድ። ግንቦት» አለ ቀስ ብሎ፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ እየተቀመጠ። «ሙቀቱ አይጣል ነበር። ውሃችን በሁለተኛው ቀን አለቀ፣ በሦስተኛው ጠዋት ሁመድ መጡ፣ ከዚያ…»

«ቀስ በል» አለችው ጽጌሬዳ። «ሁሉንም ነው የምጽፈው።»