የአባባ ቀስ ቀበቶ

በዝግታ ስለሚነዱ ተማሪዎቹ «አባባ ቀስ» የሚሏቸው አዛውንቱ ሹፌር ከትምህርት ቤቱ ሰርቪስ አጠገብ ተጋድመዋል። የራስ ቅላቸው ከጆሯቸው በላይ ተበርቅሷል፤ ደሙ ሸሚዛቸውን ከአንገት እስከ ወገብ አልብሶታል። ሰርቪሷ ከጋራዡ ቁልቁል ወርዳ የትምህርት ቤቱን ግንብ ደርምሳ ቆማለች። ልጆቹ ገና በየደጃፋቸው እሷኑ ይጠብቃሉ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወፍጮ» ይሏታል፤ እጇ የገባ ነገር ሳይደቅ አይወጣምና። መጀመሪያ የጠየቀችው ሬሳውን ያገኘችውን የሰርቪሷን ረዳት ነው።

«ጓ ሲል ሰምቼ ሮጥኩ» አለች ረዳቷ። «መሪው ላይ ተደፍተዋል። ነፍሳቸው ያለች መስሎኝ ቀበቶውን ፈትቼ ጎትቼ አወረድኳቸው። ከዚያ ጮህኩ። መካኒኩ መጣ፤ ኃላፊው ከሁሉም በኋላ።»

«ቀበቶ መፍታትሽን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ማን ጠየቀኝ?»

መካኒኩ ግራሶ የነካ እጁን በጨርቅ እያሸ ቀረበ።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አለችው ወፍጮ።

«ፍሬኑን ቶሎ ሥራ ብለው ነው የጮሁብኝ። ኃላፊው ዕቃውን ካልገዛልኝ በምን ልሥራው? ልጅ አይጫንባት ብዬ ነበር! ዛሬ ደግሞ የጎማ መፍቻዬ ጠፋ።»

የትራንስፖርት ኃላፊው ከረባቱን አስተካከለ።

«ያው እንደሚያዩት አደጋ ነው። ፍሬኑ እምቢ አላቸው። ምን ይደረግ፣ ቀበቶ ማሰራቸውም አላተረፋቸው።»

ወፍጮ ሰርቪሷ ውስጥ ገብታ ቀበቶውን እያገላበጠች ካየች በኋላ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የገደላቸው ግጭቱ አይደለም» አለች። «ቢሆን ኖሮ ደሙ በቀበቶው ላይ ይወርድ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ንጹሕ ይቀር ነበር። አሁን ግን ሸሚዙ ሙሉ በሙሉ ደም ነው፤ ቀበቶውን ደም የነካው በውስጥ በኩል ብቻ። ሰው መታቸው፤ ምናልባትም በጠፋው የጎማ መፍቻ፤ ደማቸው ከፈሰሰ በኋላ ወንበራቸው ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረላቸው፤ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ወደ ግንቡ ሰደዳቸው።»

«ማን?» አለ መካኒኩ።

«ቀበቶው መታሰሩን የሚያውቁት ያሰረውና የፈታችው ናቸው። አደጋ ለማስመሰል የለፋ ሰው መልሶ አይፈታም፤ ስለዚህ እሷ አይደለችም። አቶ ኃላፊ፣ እርስዎ ሲደርሱ ሟቹ መሬት ላይ ነበሩ። ቀበቶ ማሰራቸውን ማን ነገረዎት?»

ኃላፊው ከጠረጴዛው ላይ ብረት መንጭቆ ሰነዘረ። የወፍጮ ትከሻ ቀጭ አለ። መካኒኩ ከኋላ አንቆ ሲጥለው ኃላፊው በመሬት ላይ እየተንፈራገጠ ጮኸ።

«ፍሬኑ ሳይሠራ ልጆቹን ጫን ስለው ‹ያንተን ልጅ ከፊት አስቀምጥና እነዳለሁ› አለኝ! ለወላጆቹ በሙሉ እናገራለሁ አለኝ!»

«ታዲያ ለምን አላስቀመጥካትም?» አለች ወፍጮ የተሰበረ ትከሻዋን ደግፋ።



ረዳቷ እንባዋን ጠርጋ ለአንዲት እናት ደወለች። «እታለም፣ ዛሬ ሰርቪስ አይመጣም። ልጅሽን ከመንገድ ዳር አስገቢው።»