ለነገ ጠዋት የሚሆን ጉልበት

«ይዤዋለሁ አላልሽም? በገዛ አፍሽ ይዤዋለሁ አላልሽም?»

«ይዤው ነበር እኮ፣ እማዬ!»

«ታዲያ ወለል ላይ ማን አስቀመጠው? እኔ ነኝ?»

የልጅቷ አባት በአልጋውና በዊልቸሩ መካከል እግሮቹን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለአልጋው ጫፍ ሰጥቶ ተቀምጧል። ቤት ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ከተጎዳ ወዲህ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አይታዘዘውም። ጠዋትና ማታ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የምታዛውረው እናቷ ነበረች። አሁን የእሷም ወገብ ከድቷታል። አጎቷ ከሌላ ከተማ የመጣው ለዚህ ነው፤ እሱ ቤት ሁለት ጎረምሶች ስላሉ ወንድሙን ወስዶ ሊያኖረው። ልጅቷ ግን «እኔ እያለሁ የትም አይሄድም፣ እኔ አነሳዋለሁ» ብላ ድርቅ አለች። እስቲ አሳዪን አሏት። አሳየቻቸው።

«ተዉአት» አለ አባቷ ከወለሉ ላይ። «ቀስ አድርጋ ነው ያስቀመጠችኝ። ስንጥር፣ ነይ እስቲ ሱሪዬን ሳብ አድርጊልኝ፣ እንግዳ ፊት ልታሳፍሪኝ ነው?»

ስንጥር የሚላት እሱ ብቻ ነው። ልታጎነብስ ስትል ጭኗ እንደ ደረቀ እንጨት አልታጠፍ አላት። የአልጋውን እግር ይዛ፣ ጉልበቷን እንደሚያማት አሮጊት «እህ» እያለች ወረደች። ሦስቱም አዩዋት።

አጎቷ ወንድሙን በብብቱ ይዞ አነሳውና አልጋው ላይ አሳረፈው። እንደ ትራስ ቀለለው።

«ልብሽን አውቀዋለሁ፣ ልጄ» አላት ወንድሙን ብርድ ልብስ እያለበሰ። «ግን ዛሬ ተንሸራተተ፤ ነገ ቢሰበርስ? ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። ጂም ጀምሬያለሁ።»

«አየነው እኮ» አለች እናቷ። ወዲያው ግን በተናገረችው አፍራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ልጅቷ በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ጂሙ ጎማ ቤት ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ፊት ለፊት መውረድ ስላቃታት ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ጎን ወረደች።

«ኧረ ጉድ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትራመጂው? ጫማ ጠበበሽ?» አለቻት አሠልጣኟ፣ የዳምቤል ብረቶቹን አቧራ እየወለወለች።

«ኮች፣ ክንዴ አልዘረጋ አለኝ።»

አሠልጣኟ መወልወያውን ጣለች። የልጅቷን ክንድ ይዛ በቀስታ ልትዘረጋው ሞከረች፤ ግማሽ ደርሶ እምቢ አለ። «ሁለት ቀን እረፊ ብዬሽ አልነበር?»

«ከሰዓት አርፌያለሁ።»

«ጠዋትስ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ጠዋት ጠዋት የሚያሠራው ሌላ አሠልጣኝ ነው። እሱ ከሰዓት እንደምትሠራ አያውቅም፤ ይህቺ ደግሞ ጠዋት መምጣቷን አታውቅም። አጎቷ ሊመጣ መሆኑን ከሰማች ጀምሮ በሁለቱ መካከል አንድም ቀን አላረፈችም። ፀጉሯን ማበጠር ሲያቅታት፣ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ቁጭ ማለት ሲያስለቅሳት፣ ሕመሙን ስንፍና ነው ብላ እልህ ተያያዘችው።

«ሽንትሽ ጠቁሯል?» አለቻት አሠልጣኟ።

«ኧረ አልጠቆረም።»

«ከጠቆረ ወይ ክንድሽ ካበጠ ጡንቻሽ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው፣ ቀልድ የለም። ስሚኝ፤ ብረቱን ስታነሺ ጡንቻሽ ይጎዳል፤ የሚጠገነው ስትበዪና ስትተኚ ነው። ጥገናው ሳያልቅ እየመጣሽ ታፈርሽዋለሽ።»

«መቼ ይሻለኛል?»

«ሕመሙ በጥቂት ቀን ይለቅሻል።»

«ሰው ለማንሳትስ?»

«ሰው?» አሠልጣኟ ፊቷን አጥንታ አየቻት። «የምን ሰው?»

«አባቴን።»

ማዶ አንድ ሰው ብረት ጥሎ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«ዘዴ አለው፣ አሳይሻለሁ» አለች አሠልጣኟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ወራት ይፈልጋል።»

«እኔ የምፈልገው ለነገ ጠዋት ነው።»

አሠልጣኟ የተደረደሩትን ብረቶች ከትንሹ እስከ ትልቁ አየቻቸው። «ለነገ ጠዋት የሚሆን የለኝም፣ እህቴ» አለች። ሌላ ሰልጣኝ ጠርቷት ሄደች።

ልጅቷ ክብደት ያልተጫነበትን ረጅሙን ብረት፣ ባዶውን ባር፣ ከመስቀያው አወረደችው። ጭኗ ላይ አሳረፈችና ሳበችው። ወገቧ ድረስ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ክንዶቿ አልታዘዝ አሏት።

«አይዞሽ ጀግኒት! ጥርስሽን ነክሰሽ!» አላት አጠገቧ ያለው ወፍራም ሰውዬ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል።

ጥርሷን ነከሰች። ባሩ ንቅንቅ አላለም። ሰሞኑን ቦርሳዋን ባነሳች ቁጥር አባቷ «ዛሬም ልትሄጂ ነው? ትንሽ አትጫወቺም?» ይላት ነበር። «ስመለስ» ትለዋለች። ስትመለስ ደግሞ ደክማ ትተኛለች። አብራው ልታመሽባቸው የምትችላቸውን ምሽቶች ሁሉ እዚህ ምድር ቤት አምጥታ ለብረት ሰጥታቸዋለች። የቀረው የዛሬው ነው። ውጭ ገና አልመሸም።

ባሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ መልሳ ሰቀለችው። ላብ የነካውን ቦታ በእጅጌዋ ጠረገችና ቦርሳዋን አነሳች። ደረጃውን በጎኗ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። ከኋላዋ ሙዚቃው ይጮኻል፤ ሰውዬው መስታወቱን ያያል፤ አሠልጣኟ ጀርባዋን ሰጥታ ለሌላ ሰው «አንድ ይቀርሃል፣ አንድ ብቻ!» ትላለች።